ጥቁሩን ጣሪያ ነጭ ማድረግ፦ ስለ ቪኒል፣ ስለ «ኦሪጅናል» እና ስለ አጎቴ ዶጅ

አጎቴ የመኪናውን ጣሪያ ነጭ ሊያደርገው እንደወሰነ የነገረኝ ኮፈኑን ከፍተን ዘይት ስንለካ ነው። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሚኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ። መኪናው የ1970 ዶጅ ዳርት ስዊንገር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ባለ ሁለት በር፣ አካሉ ደማቅ ሰማያዊ፣ ጣሪያው በጥቁር ቪኒል የተለበጠ።

«ነጭ?» አልኩት።

«አዎ፣ ነጭ» አለኝ፣ የዘይት መለኪያውን በጨርቅ እየጠረገ።

«ጋሼ፣ ይሄማ መኪናውን ማበላሸት ነው።»

መልስ አልሰጠኝም። መለኪያውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ኮፈኑን ዘጋ፣ እጁን ጠረገና «ና፣ ሻይ እንጠጣ» አለ። አጎቴን የሚያውቅ ሰው የዚህን ዝምታ ትርጉም ያውቃል። ነገሩ አልቋል፣ አንተ ግን ገና አልገባህም ማለት ነው።

«ማበላሸት» የምትለዋን ቃል ግን ይዣት ቀረሁ። ይህ ጽሑፍ በእሷ ላይ የምጽፈው ሒስ ነው። ስለ መኪና ጣሪያ ሒስ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ የለመድነው ስለ ልብ ወለድና ስለ ሥዕል ሲጻፍ ነው። ቢሆንም ሰው አስቦ የሠራው ነገር ሁሉ ሊነበብ ይችላል። የቪኒል ጣሪያ ደግሞ ሲነበብ ብዙ ይናገራል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው የተሠራው ሌላ ነገር ለመምሰል ነው። እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ተምሬ የመጣሁ። የሥነ ጥበብ ሊቅ አይደለሁም። ግን «ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ያኛው ተበላሽቷል» የሚለው ክርክር በሥራዬም በቤቴም ስለማይለየኝ፣ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ላስበው ፈለግሁ።

* * *

ለማያውቁት ላስረዳ። የቪኒል ጣሪያ ማለት በብረት ጣሪያ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ከዝናብ አያስጥልም፤ የሚያስጥለው ከሥሩ ያለው ብረት ነው። ከፀሐይም አያስጥልም፤ ጥቁር ከሆነ እንዲያውም ሙቀቱን ያብሳል። ታዲያ ለምን ይለጠፋል? ከላይ የሚታጠፍ ጣሪያ ያለውን መኪና፣ ማለትም ኮንቨርትብሉን፣ እንዲመስል ነው።

ኮንቨርትብሉ ራሱ መልኩን የወረሰው ከፈረስ ሰረገላ ነው። በጀርመን ላንዳው በምትባል ከተማ ስም የሚጠራ፣ የቆዳ ክዳኑ የሚታጠፍ ሰረገላ ነበር። እንዲህ ያሉ ክዳኖች የሚዘረጉትና የሚታጠፉት በጎን ባሉ፣ እንደ ላቲኑ የኤስ ፊደል በተጠማዘዙ ብረቶች ነበር። ፎርድ በ1962 ተንደርበርድ ላንዳው የሚለውን መኪና ሲያወጣ ጣሪያውን በቪኒል ሸፈነና በሁለቱም ጎኑ እነዚያን ብረቶች ለጠፈበት። ብረቶቹ ምንም ነገር አያጥፉም። ጣሪያው አይታጠፍም። አሜሪካ ውስጥ የሬሳ መኪና አይታችሁ ከሆነ፣ በጎኑ ላይ የሚያብለጨልጨው የተጠማዘዘ ጌጥ እሱ ነው። በሰረገላ ዘመን ሥራ የነበረው ብረት ሥራው ቀርቶ ወግ ብቻ ሆኗል።

ካዲላክ በ1956 ኤልዶራዶ ሴቪል ላይ ቪኒል ለብጦ ነበር። ነገሩ እንደ ወረርሽኝ የተዛመተው ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ለፋብሪካው ርካሽ ነው፣ ለገዢው ውድ ይመስላል፤ ለሻጭ ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም። በ1969 ፕሊማውዝ ጭራሽ አበባ የታተመበት ጣሪያ አወጣ፤ «ሞድ ቶፕ» ይባላል። ፎቶውን ሳየው የመጣብኝ የሰው ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ፕላስቲክ ነው። በ1976 ካዲላክ «የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርትብል» እያለ ኤልዶራዶውን ሲሸጥ፣ ጎዳናው ላይ ኮንቨርትብል በሚመስሉ የማይታጠፉ ጣሪያዎች ተሞልቶ ነበር። ለጥቂት ዓመታት ዋናው ጠፍቶ አስመሳዩ ብቻውን ቀረ።

ይህንን ስጽፍ ሰምና ወርቅ የሚለው ነገር ወደ ጣቴ ይመጣል፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የማይቀርለት ፈተና ነው። ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ። ግን እዚህ አይሠራም። ሰሙ ሲቀልጥ ወርቅ ይገኛል፤ ቪኒሉ ሲነሳ የሚገኘው ዝገት ነው። ስፌቱ በትንሹ ሲላላ፣ ወይም የጌጡ ብረት በሚታሰርበት ቀዳዳ በኩል ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ቪኒሉ ከላይ ደህና መስሎ እየታየ ከሥሩ ብረቱ ይበላል። ባለቤቱ የሚያውቀው ላዩ ማበጥ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሽቷል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቪኒሉን የሚከስ ነው። አስመሳይ ነው፣ ከንቱ ነው፣ ብረት ያስበላል። በዚህ ዓይን ካየነው ቀለሙ ጥቁር ሆነ ነጭ ምን ለውጥ ያመጣል? ግን አንድ መኪና አለ፣ ይህን ክስ የሚያፈርስብኝ።

በ1970 ፕሊማውዝ ለናስካር ውድድር ሱፐርበርድ የሚባል መኪና ሠራ። አፍንጫው የሾለ፣ ከኋላው ከፍ ያለ ክንፍ የቆመበት። ደንቡ ለሕዝብ የሚሸጡም እንዲሠሩ ስለሚያስገድድ በግምት 1,900 ያህል ተሠሩ። ነፋስ በላዩ ላይ ሳይረበሽ እንዲያልፍ የኋላ መስተዋቱ ተዳፋትነት መቀየር ነበረበት፤ ለዚያም ዙሪያው ላይ ተጨማሪ ብረት ተበየደ። ያንን ብየዳ አለስልሶ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ለቀለም ማዘጋጀት ጊዜና ገንዘብ ይበላል። መፍትሔው? ሁሉንም ጥቁር ቪኒል ማልበስ። ሱፐርበርድ በሙሉ ጥቁር ቪኒል ጣሪያ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ሱፐርበርድ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚሻሙበት መኪና ነው። አንድ ሰው ቪኒሉን ገፍፎ፣ ብረቱን አሳምሮ ቢቀባው፣ ሥራው ከፋብሪካው ሥራ በእጥፍ ቢሻል እንኳ «አበላሸው» ይባላል። ልክም ነው። የቸኮለ ፋብሪካ ብየዳውን የደበቀበት ሽፋን የመኪናው ማንነት ሆኗል። እኔ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። «ለጊዜው ነው» ብለን የጻፍነው ኮድ፣ ሌላ አሥር ነገር ከተገነባበት በኋላ ማንም የማይነካው ምሰሶ ሲሆን አይቻለሁ። ውሸቱ ሲቆይ ታሪክ ይሆናል። ታሪክ ከሆነ በኋላ ደግሞ ውሸት ነው ብሎ መጣል ራሱ ሌላ ውሸት ነው።

* * *

ወደ አጎቴ መኪና ልመለስ። የዳርቱ ኮፈን ሲከፈት፣ በሾፌሩ በኩል፣ ከጎማው በላይ ባለው ብረት ላይ በብሎን የታሰረች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። በላይዋ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀጥቅጦባታል። ለማያውቅ ሰው ምንም አትልም። ለሚያውቅ ግን መኪናው በተሠራበት ቀን ምን እንደነበር አንድ በአንድ ትናገራለች። ኢ24 ማለት 225 ኪዩቢክ ኢንች የሆነው፣ በጎኑ ያዘነበለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ኢቢ5 ማለት ያ ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ነው። ቪ1ኤክስ ማለት ጥቁር ቪኒል ጣሪያ ማለት ነው። ነጭ ቢሆን ኖሮ ቪ1ደብልዩ ትል ነበር።

ይህችን ቆርቆሮ መጀመሪያ ያነበብኳት እኔ ነኝ። አጎቴ መኪናውን ሲገዛ ስለ ቆርቆሮዋ ጉዳዩም አልነበረም፤ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ሰማ፣ ከሥሩ ገብቶ አየ፣ ገዛ። እኔ ግን ኮዶቹን እያወጣሁ አንድ ሌሊት አደርኩ። ለእኔ ዓይነት ሰው ይህ ከመኪናው በላይ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ነገር መጀመሪያ ምን እንዲሆን እንደታዘዘ የሚናገር ጽሑፍ በእጅህ አለ። ከዚያች ሌሊት በኋላ መኪናውን ሳየው የማየው ከቆርቆሮዋ ጋር እያመሳከርኩ ነበር። ሬዲዮው ተቀይሯል፣ ስህተት። የጎማው ክዳን የሌላ መኪና ነው፣ ስህተት። ጣሪያው ጥቁር ነው፣ ልክ። ስለዚህ አጎቴ «ነጭ» ሲል የሰማሁት፣ ከቀሩት ጥቂት ልኮች አንዱን ሊያጠፋ እንደሆነ ነው።

የኦሪጅናል ወገን የሆኑ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ክርክራቸውን በደንብ ላቅርብላቸው። የቆየ መኪና ሰነድ ነው ይላሉ። በ1970 ሰው ምን እንደወደደ፣ ምን እንደ ክብር እንደቆጠረ የምናውቀው ካልተነካ መኪና ነው። ቪኒል ፋሽንነቱ ሲያልፍ ብዙ ባለቤቶች ገፍፈው ጣሉት፤ እያንዳንዳቸው «መኪናው የኔ ነው» አሉ፣ እያንዳንዳቸውም ልክ ነበሩ። የሁሉም ልክነት ሲደመር ግን ማስረጃ ጠፋ። ይህ ከባድ ክርክር ነው። አንድ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ የሚያደርገው ነገር ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ምን እንደሚያስቀር ያስጠይቃል።

የሚሰናከሉት ግን «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ከአንድ ቀን ጋር ሲያስሩት ነው። ቆርቆሮዋ የምትመዘግበው ምንድን ነው? በ1970 አንድ የማናውቀው ገዢ ወይም ሻጭ ከዝርዝር ላይ የመረጠውን። ነጩም ጣሪያ በፋብሪካው የኮድ ዝርዝር ላይ ነበር። ያ ሰው በዚያን ቀን ጠዋት ሌላ ሐሳብ ቢመጣበት ኖሮ ዛሬ ቅዱስ የሚሆነው ነጩ ነበር። የማላውቀውን ሰው ምርጫ ከማውቀው ሰው ምርጫ የማስበልጠው ለምንድን ነው? ቀድሞ ስለመረጠ?

በፓሪስ የኖትርዳም ካቴድራል በ2019 ሲቃጠል ዓለም ሲወድቅ ያየው ሹል ማማ የመካከለኛው ዘመን ሥራ አልነበረም። ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለ አርክቴክት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቆመው ነው። ከእሳቱ በኋላ ሲታደስ ግን እሱ በነደፈው መልክ ተመልሶ ቆመ። ካቴድራሉ ላይ የተጨመረው የካቴድራሉ ሆኗል። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ከካቴድራል በላይ የተቀደሰበት ምክንያት አይገባኝም። ቢገባኝም በአብዛኛው የጨረታ ዋጋ ነው።

* * *

እስከዚህ ድረስ ያለው በጭንቅላት የሚሠራ ነው። ሐሳቤን የቀየረው ግን እጄ ነው።

የቪኒል ጣሪያን ቀለም የሚቀይሩበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አሮጌው ላይ መርጨት። የሚረጨው «የቪኒል ማቅለሚያ» እየተባለ ይሸጣል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ክር ሲቀለም ቀለሙ ክሩ ውስጥ ይገባል። እዚህ ግን የሚረጨው በአብዛኛው ላዩ ላይ የሚቀር፣ የሚለጠጥ ስስ ሽፋን ነው። የፈዘዘ ጥቁርን ጥቁር ለማድረግ ጥሩ ነው። ጥቁርን ነጭ ለማድረግ ግን ንብርብር ያስፈልጋል፤ ሲደራረብ ደግሞ የቪኒሉን የቆዳ ሸካራነት ይሞላውና እንደ ተቀባ ግድግዳ ያስመስለዋል። በስፌቱ በኩል ይሰነጠቃል። በተፋቀበት ቦታ ሁሉ ጥቁሩ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ የቀድሞ ባለቤቶች እንዲያብረቀርቅ ሲቀቡት የኖሩት ሲሊኮን ያለበት ቅባት በደንብ ካልጠፋ ቀለሙ አይዝም፤ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

ሁለተኛው መንገድ አሮጌውን ገፍፎ አዲስ መለጠፍ ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ቪኒሉ ጠርዙ ከመስተዋቶቹ ጎማ ሥር ስለሚገባ የፊቱም የኋላውም መስተዋት መውጣት አለበት። ዙሪያውን ያለው የኒኬል ጌጥ ሳይታጠፍ መነቀል አለበት።

አጎቴ የፈለገው መርጨቱን ነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። እኔ እምቢ አልኩ። ውሸት ላይ ውሸት ነው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቁሩ ያሳብቅብሃል፣ ዝገት ካለም ሳናየው ሸፍነነው እንቀራለን አልኩት። «ከቀየርከው አይቀር በደንብ ቀይረው።» ተናግሬ ሳልጨርስ የራሴ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አጎቴም ሰምቷል።

«እንዲህ በል እንጂ» አለ። «አሁን መጣህ።»

የመኪና ወንበር የሚያለብስ ኤልሳልቫዶራዊ ባለሙያ አገኘን፤ ጋራዡ ውስጥ እንድናግዘው ፈቀደልን። አሮጌው ቪኒል ሲነሳ እንደ ደረቀ ቅርፊት ነው የሚላቀቀው፤ ከሥሩ ቡናማ የማስቲሽ ዱቄት ይበናል። የፈራነው ዝገት ነበር። ከኋላ መስተዋቱ ግርጌ በቀኝ በኩል የእጄን መዳፍ የምታህል ቦታ በጣት ስትጫናት ትሰበራለች። አጎቴ ዝም ብሎ አያት። «ባቲላሜራ ያስፈልጋል» አለ፣ በአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ። ብረት ቀጥቃጭ ተፈልጎ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ተበየደ፣ ጣሪያው በሙሉ ተፈቅፎ ዝገት መከላከያ ተቀባ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ጥቁሩን ጣሪያ እንዳይነካ ስከላከልለት የነበረው፣ መኪናውን ቀስ እያለ ሲበላው የኖረውን ነበር።

አዲሱን መለጠፍ ደግሞ ትንፋሽ የሚያስይዝ ሥራ ነው። ቪኒሉ በሁለት ስፌት የተያያዘ ሦስት ቁራጭ ነው፤ ሁለቱ ስፌቶች ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው። ባለሙያው የጣሪያውን እኩሌታ ለክቶ በጠመኔ መስመር አሰመረ፣ የቪኒሉንም እኩሌታ እንዲሁ። ማስቲሹ በሁለቱም በኩል ይቀባል፣ ጣት የማይዝ እስኪሆን ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ የነካው ነክቷል፤ አንስቼ ላስተካክል የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሥራዬ ስህተት ከሠራሁ ወደ ትናንቱ ኮድ እመለሳለሁ። እዚህ መመለሻ የለም። ሦስታችን ጠርዝ ጠርዙን ይዘን፣ ባለሙያው ከመሃል ወደ ጎን በእጁ እያለሰለሰ ሲሄድ፣ አጎቴ እንደ ቅዳሴ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

* * *

ለምን ነጭ? ይህን ጥያቄ በደንብ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ «ማበላሸት» የምትለዋ ቃል ከአፌ ባልወጣች ነበር።

የመጀመሪያው መልሱ «ጥቁር ይሞቃል» ነው። እውነት ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ ጥቁር ቪኒል ላይ እጅ አይጫንም። ሁለተኛውን መልስ ያልነገረኝ፣ እኔ ላየው ይገባ ስለነበር ይመስለኛል። ታቹ ሰማያዊ፣ ላዩ ነጭ መኪና፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ካልተረዳ ምን ይባላል? የታክሲ ቀለም ነው። አጎቴ በዲቪ ከመምጣቱ በፊት ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። የሰው ላዳ ነበር፤ ማታ ማታ ገቢ እያስገባ።

ላዳና ዳርት በምንም አይገናኙም ብዬ ነበር። ስፈልግ አንድ ነገር አገኘሁ። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ቶሊያቲ ከሚገኘው ፋብሪካ መውጣት የጀመሩት በ1970 ነው፤ ይህ ዳርት በተሠራበት ዓመት። ላዳው ራሱ ደግሞ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ፈቃዱን ገዝተው፣ ለመንገዳቸው እንዲሆን ብረቱን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ቀየሩት፣ ሌላ ሞተር አስገቡበት። የኦሪጅናል ወገኖች በዚያን ጊዜ ቢጠየቁ «ፊያቱን አበላሹት» ባሉ ነበር። የአዲስ አበባን ዳገትና ጉድጓድ ለዓመታት የቻለው ግን ይኸው «የተበላሸ» ፊያት ነው።

አጎቴ ዋሽንግተንም የመጣው ወደ ታክሲ ነው። እሱ ሲጀምር ከተማዋ ሂሳብ የምትቆጥረው በዞን ነበር፤ ቆጣሪ የገባው በ2008 ነው። ታክሲዎቹም የየድርጅታቸው ቀለም ነበራቸው። ከዚያ ከ2013 ጀምሮ ከተማዋ ሁሉም ቀይ ሆነው ግራጫ መስመር ይኑራቸው አለች፤ የእሱም ቀይ ሆነ። አላማረረም። «ታክሲ ዩኒፎርም አለው» ነው ያለው። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ዳርቱ በሕይወቱ ያለ ሥራ የገዛው የመጀመሪያ መኪና ነው። ቀለሙን ማንም አላዘዘውም።

ይህ ነው ያልገባኝ ነገር። ዕድሜውን ሙሉ የመኪናውን ቀለም ሌላ ሰው ሲወስንለት የኖረ ሰው፣ አንዴ በነፃነት ሲመርጥ እንዴት ያንኑ የታዘዘበትን ቀለም ይመርጣል? ጠየቅኩት። ብርጭቆ ወረቀቱን እያጠፈ መለሰልኝ።

«ያኔ የሰው ነበር።»

ሌላ አልጨመረም።

* * *

አሁን እንደ ሐያሲ ፍርድ መስጠት አለብኝ፤ አጎቴን ስለምወደው ብቻ ሥራውን ማወደስ ሒስ አይደለም። እንደ ንድፍ ካየነው ጥቁሩ ይሻል ነበር። ጥቁር ጣሪያ መኪናውን ዝቅና ረዘም ያደርገው ነበር፤ ዙሪያውን ያለው የኒኬል ጌጥም በጥቁርና በሰማያዊ መሃል ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ነጩ ጌጡን ውጦታል። ጣሪያው ከፍ ያለ መስሏል፤ ዳርቱም አጠር፣ ደልደል ብሏል። ስፌቶቹም ገና ከአሁኑ አቧራ መያዝ ጀምረዋል፤ ነጭ ምሕረት የለውም። በ1970 ይህን መኪና ያዘዘው ሰው ዓይን ነበረው።

ግን ደልደል ያለ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሰማያዊና ነጭ መኪና ምን እንደሚመስል እናንተም ታውቃላችሁ። እንደ ውበት የጎደለው፣ እንደ ትርጉም በትክክል ቦታው ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው የቪኒሉ ነገር የሚገርመኝ። ከመጀመሪያው የተሠራው ሌላ ነገር ለመምሰል ነው ብያለሁ። አሁንም ሌላ ነገር ይመስላል። ልዩነቱ፣ ያኔ የሚመስለው ባለቤቱ ያልነበረውን ሀብት ነበር፤ አሁን የሚመስለው ባለቤቱ የኖረውን ሕይወት ነው። አስመሳይ ተብሎ የተናቀ ቁስ፣ አንድ ጊዜ እውነት እንዲናገር ተደረገ።

ታዲያ ማበላሸት የሚባል ነገር የለም ማለቴ ነው? አይደለም። አለ፤ ግን ያለው እኔ ባልኩበት ቦታ አይደለም። የኮፈን ሥሯን ቆርቆሮ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንድ ሰው በአዲስ ቆርቆሮ ላይ ቪ1ደብልዩ አስቀጥቅጦ «ከፋብሪካው ነጭ ነበር» ብሎ ቢሸጠው፣ ማበላሸት እሱ ነው። የተበላሸው ጣሪያው ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው ሰው የሚያምነው መዝገብ ነው። የኦሪጅናል ወገኖች ስለ ማስረጃ ያነሱት ክርክር ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ ግን መቀየርን መከልከል ሳይሆን የተቀየረውን አለመደበቅ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮዋን አልነካናትም። ከአሮጌው ጥቁር ቪኒል አንድ ቁራጭ ቆርጠን ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ በፖስታ አስቀመጥን፤ መቼ እንደተቀየረ፣ የት ዝገት እንደተገኘ፣ ምን እንደተበየደ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ከጎኑ አደረግሁ። በሥራዬ ስናገረው የኖርኩት ደንብ ነው፦ የፈለግከውን ቀይር፣ ግን ምን እንደቀየርክና ለምን እንደቀየርክ ጻፍ። «ለምን» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ አጎቴን ጠየቅኩት። «ባለቤቱ ፈለገ በል» አለኝ። እንዲሁ ጻፍኩት።

ከተጨረሰ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ አቁመን ነበር። ከባለቤታቸው ጋር የሚወጡ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው መኪናውን አይተው ቆሙ። ወዲያና ወዲህ ዞሩት። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ ሳይስቁ፣ አጎቴን ጠየቁት።

«ኮንትራት ስንት ነው?»

«የት ድረስ?» አለ አጎቴ፣ እሱም ሳይስቅ።

«ስታዲየም።»

«ይግቡ።»

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ዘይት ለካን። ቆርቆሮዋ አሁንም ቪ1ኤክስ ትላለች። ጨርቅ አንስቼ አቧራዋን ጠረግኩላት። ተሳስታለች አይባልም፤ የምትናገረው ስለ 1970 ነው። ኮፈኑን ዘጋሁት።